የደራሲው መንገድ እስከ ሳጉሬ

«ንባብ ለሕይወት» የተባለው የመጻሕፍት ዐውደ ርዕይ በ2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ኤግዚቢሽን ማዕከል ሲጀመር ብዙ ሰው ነገሩን እንደ አዲስ ወግ ነበር የተቀበለው። ደራሲው ከመጽሐፉ ክምር አጠገብ ቆሞ ገዢውን ይጠብቃል፤ ገዢው ሒሳቡን ከፍሎ የመጀመሪያውን ባዶ ገጽ ይገልጥና ለፊርማ ያቀርባል፤ ሁለት ሦስት ቃል ይለዋወጣሉ፤ ወረፋው ይቀጥላል። ይህን ያየ ሰው ልማዱ ከፍራንክፈርት ወይም ከለንደን የተቀዳ ነው ቢል አይፈረድበትም። እኔ የምከራከረው ግን በተቃራኒው ነው። በአገራችን መጽሐፍ ከሰው ተለይቶ፣ ስሙ ከማይታወቅ መደርደሪያ ላይ ተነሥቶ የተሸጠበት ዘመን አጭር ነው። በቀረው ዘመን ሁሉ መጽሐፍ የሚገዛው ከጻፈው፣ ከገለበጠው ወይም ተሸክሞ ካመጣው ሰው እጅ ነበር። ስለዚህ የደራሲና የአንባቢ መገናኘት ባዕድ ልማድ አይደለም። ባዕድ የሆነው መገናኛው በአንድ ከተማ መታጠሩ ነው። በአርሲ የዲገሉና ጢጆ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ሳጉሬ፣ ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት ከተሞች ጋር፣ ከዚህ አጥር ውጭ ቀርታለች። ይህ የሆነው አንባቢ ስለሌላት ነው የሚለው መልስ ደግሞ በታሪክ ሲመረመር አይጸናም።

ከብራናው ዘመን እንነሣ። ዳዊት ወይም ተአምረ ማርያም ያሻው ሰው ገበያ ወጥቶ የተዘጋጀ መጽሐፍ አይመርጥም ነበር። ጸሐፊውን ፈልጎ ያገኛል፤ ስለ ብራናው ብዛት፣ ስለ ፊደሉ መጠን፣ ስለ ሐረጉና ስለ ሥዕሉ ይነጋገራል፤ ዋጋውን በብር፣ በእህል ወይም በከብት ይቆርጣል፤ ከዚያ ወራት ይጠብቃል። ቆዳው ተፍቆ፣ ተወጥሮ፣ በወስፌ ተሰምሮ፣ ጥቁሩና ቀዩ ቀለም ተበጥብጦ እስኪያልቅ ድረስ ጸሐፊና አጻፊ ይተዋወቃሉ። የዚህ ግንኙነት ማስረጃ በየመጻሕፍቱ መጨረሻ ላይ ተጽፎ ይገኛል። የጸሎቱ ማሳረጊያ መጽሐፉን የጻፈውን፣ ያስጻፈውን፣ ያነበበውን፣ የተረጎመውንና ቃሉን የሰማውን አንድ ላይ ያስባል፤ ብዙ ጊዜም የጸሐፊው የክርስትና ስምና የአጻፊው ስም ጎን ለጎን ይሰፍራሉ። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ሰሚው መግባቱ ቀላል ነገር አይደለም። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ሳይቀር የመጽሐፉ ባለድርሻ ተደርጎ መቆጠሩን ያሳያል። የዛሬ ዐውደ ርዕይ አዘጋጆች አንባቢን ብቻ ሲቆጥሩ ከዚህ ጠብበዋል።

አርሲ ከዚህ ታሪክ የራቀ የሚመስለው ካለ ከአሰላ ከፍታ ላይ ቆሞ ወደ ምዕራብ ይመልከት። ከታች የሚታየው የዝዋይ ሐይቅ ነው፤ በሐይቁ ደሴት ላይ ያለችው ደብረ ጽዮን የብራና መጻሕፍት ማደሪያ ሆና ኖራለች። በግራኝ አሕመድ ጦርነት ዘመን ንዋያተ ቅድሳትና መጻሕፍት ወደዚያ መሸሻቸውን የደሴቶቹ ትውፊት ይናገራል። በሌላው አቅጣጫ ደግሞ የአርሲ ሕዝብ ከትውልድ ትውልድ በእግሩ የተጓዘበት የድሬ ሼክ ሁሴን መንገድ አለ። ባሌ ወደሚገኘው ወደዚህ ቅዱስ ስፍራ የሚሄዱት ጋሪባዎች ጫፉ ባላ የሆነ በትር ይዘው፣ ለወልዩ ለሼክ ሁሴን የሚቀርበውን ባህሮ የተባለ ውዳሴ እያዜሙ ነው የሚሄዱት። ባህሮ ገጣሚ አለው፤ ተቀባይ አለው፤ ጥሩ የተናገረው ሰው ስሙ ከመንደር መንደር ይሄዳል። ስለ ሼክ ሁሴን ተአምራት የሚናገረው የዐረብኛ መጽሐፍም በእ.ኤ.አ. 1920ዎቹ ካይሮ ላይ ታትሟል። እዚህ ላይ የማነሣው ነጥብ ሃይማኖታዊ አይደለም። ቃል የሚያውቅን ሰው ለማግኘትና ቃሉን ከአንደበቱ ለመስማት ቀናት መጓዝ ለአርሲ ደጋ ሰው የቆየ ልማዱ ነው። በዓል፣ ገበያና ግጥም በአንድ ቦታ የሚገናኙበትን ጉባኤ ማንም ከውጭ መጥቶ ሊያስተምረው አያስፈልግም።

የኅትመት ዘመን ሲመጣ የሙያው አካሄድ ተለወጠ፤ የሰው ለሰው ባሕርዩ ግን አልጠፋም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በአማርኛ የመጀመሪያ ልብ ወለድ የሚባለውን ሥራ በ1900 ዓ.ም. ያሳተመው ሮም ላይ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በኢትዮጵያ የሚገኙ የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍትን ካታሎግ በ1904 ዓ.ም. ሲያወጡ አንድ ሰው መላውን የአገሪቱን መጻሕፍት በዝርዝር መያዝ ይቻለው ነበር። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ማተም ቀለለ፤ ማሠራጨት ግን እንደ ከበደ ቀረ። አሳታሚ ድርጅት ማለትም የደራሲውን ረቂቅ ገዝቶ፣ አርሞ፣ አሳትሞ፣ በየክፍለ ሀገሩ የሚያዳርስ ተቋም ከማተሚያው ጋር አብሮ አልተወለደም። ስለዚህ ደራሲው ራሱ ለማተሚያ ቤት ቀብድ ከፋይ፣ ራሱ እርማት አንባቢ፣ ራሱ መጽሐፉን በካርቶን አስጭኖ ለመደብር አስረካቢ፣ ራሱ ሒሳብ ሰብሳቢ ሆነ። አቤ ጉበኛ ሌላ መተዳደሪያውን ትቶ በብዕሩ ለመኖር ሲደፍር የገባበት ዓለም ይህ ነበር። «አልወለድም» ሲታገድ የደረሰበት ኪሳራ የሐሳብ ብቻ አልነበረም፤ የሚሸጠውን ዕቃ ከእጁ መቀማት ነበር። ብዙዎች ይህን ሁኔታ እንደ ኋላ ቀርነት ብቻ ያዩታል። ጉዳቱን አልክድም፤ ደራሲን ነጋዴ ማድረግ ስንት ሊጻፍ ይችል የነበረ መጽሐፍ እንዳስቀረ አይታወቅም። ነገር ግን በዚሁ ምክንያት ደራሲው የገዢውን ፊት እያየ ኖረ። ማን እንደሚያነበው፣ የትኛው ገጽ ላይ እንደሚከራከሩ፣ ዋጋው ለማን እንደሚከብድ ያውቅ ነበር።

ይህ ዕውቀት ግን ከአዲስ አበባና ከጥቂት ትላልቅ ከተሞች አልፎ አልሄደም፤ መጽሐፉ ራሱ ከደራሲው ይልቅ ሩቅ ተጓዘ። ወደ ገጠር ከተሞች ያደረሰው በመጀመሪያ መምህሩ ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያስተምሩ ይላኩ ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪውንና መምህሩን ወደ ገጠር አወጣ። ሻንጣው ውስጥ መጽሐፍ ያልያዘ ዘማች ጥቂት ነው። አሰላ ላይ የነበረው የመምህራን ማሠልጠኛም በየወረዳው ለሚበተኑ ወጣት አስተማሪዎች መነሻ ሆነ። መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍበት ሥርዓትም ተፈጠረ፤ ይኸውም የመጽሐፍ ኪራይ ነው። በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ በየከተማው ትናንሽ ሱቆች መጽሐፍ በቀን ሒሳብ ያከራዩ ነበር። ተከራዩ መያዣ ያስቀምጣል፤ ስሙ በደብተር ይመዘገባል፤ መጽሐፉ በጋዜጣ ወይም በአሮጌ ካላንደር ወረቀት ተሸፍኗል፤ ጠርዙ በብዙ አውራ ጣት ጠቁሯል፤ የመጨረሻው ገጽ ብዙ ጊዜ የለም። የማሞ ውድነህ የስለላ ትርጉሞች ሳይቀሩ በዚህ መንገድ ከአንድ ቅጂ ስንት ሰው እንዳነበባቸው ማተሚያ ቤት ሊቆጥረው አይችልም። የገጠር ከተማ አያነብም የሚለው ሐሳብ በሽያጭ መዝገብ ላይ ብቻ የተመሠረተ ስለሆነ እነዚህን አንባቢዎች በሙሉ ይጥላቸዋል።

ከኪራይ የበለጠውን ሥራ የሠራው ደግሞ ሬድዮ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በመጻሕፍት መደብር በኩል ከደረሰባቸው ሰዎች ይልቅ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬድዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ሲተርከው የሰሙት ይበዛሉ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሬድዮ ያለው ቤት ጎረቤት ይሰበሰብበታል፤ ክፍሉ ሲያልቅ የሚቀጥለው እስኪመጣ ስለ ሰብለ ወንጌልና ስለ በዛብህ ይከራከራሉ። ይህ አንባቢና ሰሚ ያልተለያዩበት የብራናው ዘመን ልማድ በአዲስ መሣሪያ ሲመለስ ነው። ከዚያ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጣ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. በይፋ ሲጀመር ከሕዝቡ ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚሆነው ፊደል አይለይም ነበር። ዘመቻው በዐሥራ አምስት የአገሪቱ ቋንቋዎች ሲካሄድ ኦሮምኛ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆነ፤ በየገበሬ ማኅበሩም የንባብ ቤቶች ተከፈቱ። አስገዳጅነቱ፣ የፖለቲካ ጫናው፣ ከቁጥር ሪፖርቶቹ ብዙዎቹ የተጋነኑ መሆናቸው ሁሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የአርሲ ገበሬ ስሙን፣ የማዳበሪያ ደረሰኙንና የልጁን ደብተር ማንበብ የጀመረበት ጊዜም ያ ነው። አዲሱ አንባቢ ከዘመቻው በኋላ ምን አነበበ ብለን ብንጠይቅ መልሱ ያሳዝናል፤ በሞስኮው ፕሮግረስ በርካሽ የታተመ የፖለቲካ ትርጉም፣ የመንግሥት በራሪ ጽሑፍና የግብርና መመሪያ ነበር በብዛት የደረሰው። ማንበብ አስተምሮ የሚነበብ መንፈግ ትልቅ በደል ነው፤ ውጤቱም ከጊዜ በኋላ ብዙዎች ፊደሉን መርሳታቸው ሆነ።

መንግሥት በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በኩል የመጻሕፍትን ሥርጭት በያዘበት በዚሁ ዘመን አንባቢ ደራሲውን ምን ያህል እንደሚፈልግ የታየው በክልከላ ነው። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ከገበያ ሲሰበሰብ ቀድሞ የተሸጠው ጥቂት ቅጂ በድብቅ እየተዋዋሰ ይነበብ ጀመር፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ሳይታተም ለዐሥርተ ዓመታት በታይፕና በቅጂ ከወዳጅ ወደ ወዳጅ ሲዞር ኖረ። የሁለቱ መጻሕፍት ታሪክ የሚያስረዳው መጽሐፍ ከመደብር ቢወጣም የሰው ለሰው መንገዱ እንደማይዘጋ ነው። ቅድመ ምርመራ በ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ከተነሣ በኋላ ይኸው መንገድ በይፋ ጎዳና ላይ ወጣ። በለገሐር፣ በአራት ኪሎ፣ በፒያሳ መጻሕፍትን እስከ አገጩ ድረስ በክንዱ ላይ ደርድሮ ካፌ ለካፌ የሚዞር አዟሪ የአዲስ አበባ መለያ ሆነ። የመጽሐፍ ምረቃ፣ የግጥም ምሽት፣ በራስ ሆቴል ይቀርብ የነበረው ግጥም በጃዝ፣ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሆሄ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተከታተሉ። ዐውደ ርዕዩም የዚህ ሰንሰለት አንድ ቀለበት ነው። ሁሉም ጥሩ ሥራዎች ናቸው፤ ሁሉም ግን የተጓዙት ከቸርችል ጎዳና በእግር ሊደረስባቸው በሚችሉ አዳራሾች መካከል ነው።

ትንሽ ከተማ እንዲህ ያለ ጉባኤ አይሸከምም የሚለው ተቃውሞ እዚህ ላይ ይነሣል። ሆቴል የለም፣ አዳራሽ የለም፣ ገዢው ጥቂት ነው፣ ደራሲው የትራንስፖርቱን አይመልስም ይባላል። ለዚህ መልስ የሚሆኑ ሁለት ምሳሌዎች አሉ። በዌልስና በእንግሊዝ ድንበር ላይ ያለችው ሄይ ሁለት ሺህ የማይሞላ ነዋሪ ያላት፣ ዙሪያዋን በግ አርቢዎች የሰፈሩባት የገበያ ከተማ ናት። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንድ ሰው አሮጌ መጽሐፍ መሸጥ ጀመረባት፤ ሌሎች ተከተሉት፤ በ1988 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው የሥነ ጽሑፍ በዓልዋ ዛሬ ከዓለም ታላላቆች አንዱ ነው። ያች የበለጸገች አገር ናት የሚል ካለ ወደ ጎረቤት ሐርጌሳ ይሻገር። በቦምብ የፈረሰች፣ ሕዝቧ ቃልን በአንደበት እንጂ በወረቀት ያላሳደገ፣ የቋንቋዋ ጽሕፈት በ1972 (እ.ኤ.አ.) ገና የተወሰነ ከተማ በ2008 (እ.ኤ.አ.) የመጻሕፍት ዐውደ ርዕይ ጀመረች፤ በየዓመቱም በሺዎች የሚቆጠር ወጣት ይሰበሰብበታል። ሐርጌሳ የተሳካላት ገጣሚውን ከመጽሐፉ ጋር በአንድ መድረክ ላይ ስላቆመች ነው። አርሲም ባህሮ አለው፤ ገጣሚም አላነሰውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ እኔም ከሁሉ የምፈራው እሱን ነው። ሳጉሬ በኦሮምኛ ተናጋሪ አገር ውስጥ ያለች ከተማ ናት። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ያደገው ልጅ በቁቤ ነው ትምህርቱን የተማረው። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛን በግዕዝ ፊደል ማንበብ የተማረ አባትና በላቲን ፊደል የተማረ ልጅ አንድ ቋንቋ እየተናገሩ አንድ ገጽ አብረው ማንበብ የማይችሉበት ቤት ጥቂት አይደለም። በዚህ አገር የአማርኛ መጻሕፍትን ብቻ ደርድሮ አንባቢ አልመጣም ብሎ መደምደም ሐሰተኛ ፍርድ ነው። የኦሮምኛ ጽሑፍ ታሪክም እንግዳ አይደለም። አናሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ የንባብ መጽሐፋቸውን በ1894 (እ.ኤ.አ.)፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉማቸውን በ1899 (እ.ኤ.አ.) አሳትመዋል፤ «በሪሳ» ጋዜጣ በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በግዕዝ ፊደል ጀምራለች። የዛሬው የኦሮምኛ ደራሲም እንደ አማርኛው ሁሉ በራሱ ወጪ አሳትሞ በራሱ እጅ ይሸጣል። ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ቢገናኙ የሚያወሩት ስለ ወረቀት ዋጋና ስለ አከፋፋይ ኮሚሽን ስለሆነ ለመግባባት አይቸገሩም። በሁለት ቋንቋና በሁለት ፊደል የሚካሄድ ጉባኤ በአዲስ አበባ የሚሞከር በጎ ሐሳብ ሊሆን ይችላል፤ በአርሲ ግን ሌላ አማራጭ የለም።

አርሲ ደጋ አዲስ ነገር እንዴት እንደሚቀበል ደግሞ የተመዘገበ ልምድ አለው። ካዱ፣ ማለትም የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በ1960 ዓ.ም. በስዊድን ርዳታ ሲጀመር የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ በመጋዘን አስቀምጦ ገዢ አልጠበቀም። ባለሙያው ወደ ገበሬው ሄደ፤ ማሳያ እርሻ ተዘጋጀ፤ በመስክ ቀን ገበሬው ዛላውን በእጁ ዳስሶ፣ ስለ ዋግና ስለ ውርጭ ጠይቆ፣ ባልረካበት መልስ ላይ ተከራክሮ ነው ዘሩን የወሰደው። ቁሉምሳ ላይ የተፈተነው ስንዴ በጭላሎ ዙሪያ የተስፋፋው በዚህ የፊት ለፊት ንግግር ነው። ያው ታሪክ ሌላ ገጽም አለው፤ ትርፉን ያዩ ባለ ርስቶች ትራክተር አስገብተው ጭሰኛውን አፈናቅለዋል፤ መልካም የታሰበው ሥራ ቀድሞ ላለው ሰው አደላ። የመጽሐፍ ጉባኤም ያለዚህ ጥንቃቄ ቢመጣ ለወረዳ ሹማምንትና ለጥቂት የግል ትምህርት ቤት ልጆች የሚቀርብ ትርኢት ሆኖ ሊቀር ይችላል። መፍትሔው ከኪራይ ቤቶቹ ታሪክ ውስጥ አለ። መግዛት ለማይችለው የሚከራይ ቅጂ ይቅረብ፤ ማንበብ ለማይችለው ደራሲው ራሱ ያንብብ፤ አሮጌ መጽሐፍ ከአዲሱ ጎን ይሸጥ።

ዛሬ መጽሐፉ በቴሌግራም በነጻ ይገኛል፣ ማን ሊገዛ ይወጣል የሚሉም አሉ። ያለ ፈቃድ የሚበተነው ቅጂ ደራሲውን እንደጎዳ ግልጽ ነው፤ በሌላ በኩል ግን በየገጠር ከተማው በስልኩ ልብ ወለድ የሚያነብ ወጣት መኖሩን ያረጋገጠው ራሱ ይህ ሥርጭት ነው። ይህ ወጣት ያላገኘው ጽሑፉን አይደለም፤ ደራሲውንና ደራሲቷን ነው። ደራሲው ሳጉሬ ቢወርድ በነጻ ያነበበውን መጽሐፍ ለፊርማው ብሎ የሚገዛ አንባቢ ያገኛል፤ አንባቢውም ወረቀቱ ስንት እንደሚያወጣ ከባለቤቱ አፍ ይሰማል። የቀረው ጊዜውን መምረጥ ነው። ለአዲስ አበባ ሐምሌ የዕረፍት ወር ሊሆን ይችላል፤ ለደጋው ግን ጎተራ የሚጎድልበት፣ ጭቃው የገበሬውን እግር የሚይዝበት ወር ነው። በጥር ውርጩ ጠንካራ ቢሆንም ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ አውድማው ተነሥቷል፤ ገብሱ ለአሰላ ብቅል ፋብሪካ ተሸጦ በቤቱ ጥሬ ገንዘብ አለ፤ ተማሪውም የመንፈቅ ዓመት ፈተናውን ጨርሷል። ጉባኤው በዚህ ወር፣ በከተማዋ የገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ሜዳ ላይ ቢሆን አዳራሽም ልዩ ጥሪም አያስፈልገውም።